ቅባቱ ሻግቶብኝ ነበር

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼሽ አይደለም። አፍሬ ነው። ለተሰነጣጠቀው እጅሽ ካሌንዱላ ከሚባለው አበባ የሚሠራ ቅባት እልክልሻለሁ ብዬ ነበር አይደል? ሻገተብኝ። ነገ እንደገና ሠርቼ እጽፍላታለሁ ስል ይኸው ዛሬ ደረስኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። አበባውን እንደቀጠፍኩት፣ ከነእርጥበቱ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ዘንድሮ ግን ጥላ ላይ አስጥቼ በደንብ አደረቅኩት። የሚሸውደው መሀሉ ነው። ዳር ዳሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ወፍራሙ አረንጓዴ መቀመጫው ግን ውስጥ ውስጡን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ስትቀጥፊው ደግሞ ጣትሽ ላይ ሙጫ ይቀርብሻል፤ በሳሙና እንኳ ቶሎ አይለቅም። አዋቂዎቹ ሙጫ የበዛበትን ነው የሚመርጡት።

ዘይት ውስጥ 5 ሳምንት አቆየሁት። እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነ! አጥልዬ የንብ ሰም አቅልጬ ጨመርኩበት፣ አለቀ።

ከአበባው ያፈላሁት ሻይ ግን አላስደሰተኝም። ውሃው ገርጥቶ ቀረ። ለካ ቀለሙ ካሮቲኖይድ የሚባለው፣ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ስለሆነ የሚሟሟው በቅባት ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ቅቤና አይብ ያቀልሙበት የነበረውም ለዚሁ ነው፤ የድሃ ሳፍሮን ይሉታል፣ ሳፍሮን ምግብ ቢጫ የሚያደርገው ውዱ ቅመም ነው። ሾርባ ላይ ብትነሰንሺው ያምራል። ጣዕም ግን አትጠብቂ፣ እንዲያውም መረር ይላል።

ይሠራል ወይ ትይኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። በ2004 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ለጡት ካንሰር ጨረር በሚወስዱ 254 ሴቶች ላይ ሞክረውታል። መካከለኛና ከዚያ በላይ የቆዳ መቆጣት የደረሰባቸው ካሌንዱላ ከተቀቡት 41 በመቶ፣ ሌላ ቅባት ከተቀቡት 63 በመቶ ነበሩ። ተአምር አይደለም፣ ግን ቀላልም አይደለም። ሁሉን ይፈውሳል የሚልሽን ግን አትስሚ።

ራስሽ ልትዘሪው ካማረሽ ፓኬቱ ላይ ካሌንዱላ ኦፊሲናሊስ የሚለውን ፈልጊ። ማሪጎልድ ብቻ ካለ ታጄቴስ የሚባለው ሌላ አበባ ሊሆን ይችላል።

ብልቃጡን ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ፤ ካሞሚል የሚባለው የሻይ አበባ የሚያሳክከው ሰው ይሄም ሊያሳክከው ይችላል፣ ዘመዳሞች ናቸው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ (መቼም ሳትነግሪኝ አታረግዢም!) ሻዩን ተዪው።

ክዳኑ ጠበቅ ይላል፣ በጨርቅ ይዘሽ ክፈቺው። እጅሽ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። እንደ እኔ ሁለት ዓመት እንዳትቆዪ ብቻ።

ያችው ጓደኛሽ