የተከተበ ሰውም ያስተላልፋል፣ ይሄንን በግልጽ ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኮሮና ክትባት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ፣ ጥሩ ነበር ግን አንድ ነገር ሳትነኩት አለፋችሁ። የተከተበ ሰው ተይዞ ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል ወይ? ይችላል። እኔ አስተላልፌያለሁ።

የ2014 ገና ሰሞን ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ በገባበት ጊዜ ሁለቱንም ዶዝ ወስጄ ስለነበር ንፍጥና ትንሽ የጉሮሮ መከርከር ሲሰማኝ ጉንፋን ነው ብዬ ያለ ማስክ እናቴ ቤት ሄድኩ፣ አቅፌ ሳምኳት፣ አብረን በላን፣ በአራተኛው ቀን እሷን ትኩሳትና ሳል ጀመራት፣ ስንመረመር ሁለታችንም ፖዘቲቭ። እሷም ተከትባ ስለነበር ሳምንት ተኝታ ተነሳች፣ ኦክስጅን እንኳን አላስፈለጋትም። ወንድሜ ግን "ይኸው ክትባቱ ባዶ ነው" አለና እስካሁን አልተከተበም። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ መጋቢት 2013 ክትባቱ ሲጀመር ለብዙዎቻችን የገባን ከተከተብክ በቃ አይዝህም የሚለው ስለነበር ሰው ተከትቦ ሲያዝ የተዋሸ መሰለው።

ነገሩ እኮ ክንድ ላይ የሚወጋው ክትባት በደንብ የሚሰራው ደም ውስጥ ነው፣ በሽታው ወደ ሳንባ ወርዶ እንዳይጠና ይከላከላል፣ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ግን አቅሙ ደካማ ነው በወራት ውስጥም ይቀንሳል፣ ቫይረሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚራባው እዛው አፍንጫ ላይ ነው። ስለዚህ ሰውየው ትንሽ አስነጥሶት ብቻ ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል።

ወንድሜ ሁሌ የሚጠቅሰው አሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ፕሮቪንስታውን የምትባል ከተማ በሐምሌ 2013 ዴልታ የተባለው የኮሮና ዝርያ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ነው፣ ከተያዙት 469 የማሳቹሴትስ ነዋሪዎች 346ቱ ሙሉ በሙሉ የተከተቡ ነበሩ። እውነት ነው። ግን ከነዛ 346 ሰዎች ሆስፒታል የተኙት 4 ናቸው፣ የሞተም የለም፣ ይሄንን አይናገርም። ደግሞ አብዛኛው ሰው በተከተበበት ቦታ ከተያዙት ውስጥ የተከተበው ቢበዛ ምን ይገርማል፣ ሰፈሩ በሙሉ ቢከተብ እኮ የሚያዘው ሁሉ የተከተበ ነው የሚሆነው።

ሁሉም ክትባት እንደዚህ ነው ማለቴ አይደለም፣ የኩፍኝ ክትባት ሁለት ዶዝ 97 በመቶ ያህል ከመያዝ ራሱ ይከላከላል።

እና እባካችሁ በሚቀጥለው "ተከተቡ" ብላችሁ ስትጽፉ አንድ መስመር ጨምሩ፣ የተከተበም ቢሆን ሳል ወይ ንፍጥ ያለበት ሰው ለቅሶ ቤትም ሆነ ሽማግሌ ያለበት ቤት አይሂድ፣ ግድ ከሆነበትም ማስክ ያድርግ በሉ። እናቴ አሁን 70 አልፏታል፣ እኔ ጉንፋን የያዘኝ ቀን በስልክ ነው የምጠይቃት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ