ሚጡ የት ትግባ?

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? የእማማ ጉልበትስ ተሻላቸው? ይህን ያህል ዓመት እንዴት እንደተጠፋፋን እኔም አላውቅም። አልተቀያየምን፣ አልተኳረፍን፤ ኑሮ ነው። መልእክትሽን ሳይ ደስም አለኝ፣ ሳቄም መጣ። ዓመታት ጠፍታ የከረመች ሰው "ሰላም ነሽ?" እንኳን በቅጡ ሳትል "ልጄ ሚጡ ኢንቨስትመንት ባንከር ካልሆንኩ ብላለች፤ ኤንዋይዩ (ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ) ይሻላል ዩቪኤ (ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ)?" ትላለች? ያው አንቺ ነሽ፣ ምንም አልተለወጥሽ።

ልደውልልሽ ነበር። ግን በስልክ ከጀመርን ወሬው ሌላ ቦታ ይወስደናል፤ ትምህርት ቤቱን መርጣችሁ የምታሳውቁበት ሜይ 1 ደግሞ ደርሷል። በጽሑፍ ይሁንና አባቷም ያንብበው።

"ኢንቨስትመንት ባንክ እንደ ዳሽን ባንክ ነው ወይ?" ብለሻል። አይደለም። ገንዘብ የምታስቀምጪበት ባንክ አይደለም። አንድ ኩባንያ ሌላውን ሊገዛ ሲፈልግ፣ ወይም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ ሲነሳ፣ ዋጋውን የሚያሰሉት፣ ገዢ የሚፈልጉት፣ ሰነዱን የሚያዘጋጁት እነዚህ ናቸው። ከዚያ ኮሚሽናቸውን ይወስዳሉ። ሱፍ የለበሰ ደላላ በያቸው። አገር ቤትም ተጀምሯል እኮ። የአዲስ አበባው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ንግድ ባንክና ወጋገን ለዚሁ ሥራ የየራሳቸውን ኢንቨስትመንት ባንክ አቋቁመው ፈቃድ አውጥተዋል።

እኔ እንደምታውቂው የምሠራው እንዲህ ባለ ባንክ ውስጥ ቢሆንም ከጀርባ ነኝ፤ እነሱ የተዋዋሉትን ሒሳብ ከሚያወራርዱት ወገን። ግን ልጆቹን በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ እንዴት እንደተቀጠሩም እሰማለሁ። ስለዚህ ሐሳቤን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ፦ ኤንዋይዩ የላከላችሁ የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ ካልተሻሻለ፣ ዩቪኤ ትግባ።

ኤንዋይዩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ስተርን የሚባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ከ1900 ጀምሮ ያለ ነው። ሚጡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቀብሏታል፤ ሌላ ማመልከቻ የለም። ግቢው ካለበት ከዋሽንግተን ስኩዌር ባንኮቹ ሰፈር ዎል ስትሪት በሰብዌይ ጥቂት ፌርማታ ነው። ትምህርት እየተማረች በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ቢሮ ገብታ ልትሠራ ትችላለች። ዩቪኤ ባለበት ቻርለትስቪል ሆና ይህን አታገኝም።

ዩቪኤ ግን አንድ ስጋት አለው፣ ይህን አትርሺ። ዩቪኤ ገባች ማለት ማኪንታየር የሚባለው የኮሜርስ ትምህርት ቤቱ ገባች ማለት አይደለም። ለማኪንታየር እዚያ ከደረሰች በኋላ ለብቻው ታመለክታለች፤ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቷ ይታያል። ባይቀበሏትስ? ኢኮኖሚክስ ትማራለች። ባንኮቹ ከኢኮኖሚክስም ይቀጥራሉ፤ እኛ ፎቅ ከሚመላለሱት ውስጥ ታሪክ የተማረም አለ። ዋናው ነገር ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ባንኮች መጥተው ተማሪ የሚመለምሉባቸው መሆናቸው ነው። ባንኮቹ የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ከዝርዝሩ ውጪ ያለ ልጅ የፈለገውን ያህል ቢጎብዝ በሩን ራሱ ፈልጎ ማንኳኳት አለበት። ሚጡ በሁለቱም በኩል ከዝርዝሩ ውስጥ ናት። ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ባብዛኛው ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ግቢ ውስጥ "የኔ ልጅ እኮ ኒውዮርክ ናት" ለማለት ነው የሚጠቅመው።

ወላጆች የማያውቁት ሌላ ነገር አለ፤ የቅጥሩ ጊዜ ነገር። ቋሚ ሥራ የሚገኘው ከሦስተኛ ዓመት በኋላ ባለው የሰመር ኢንተርንሺፕ፣ በክረምት የሥራ ልምምድ ነው። እዚያ ጥሩ የሠራ ልጅ ሳይመረቅ ሥራው ይሰጠዋል። ለዚያ ኢንተርንሺፕ የሚመለመለው ግን ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው! ስለዚህ ሚጡ በኦገስት ከገባች በኋላ ያላት ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ቢሆን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውጤቷ ከ3.5 በታች እንዳይወርድ፣ አካውንቲንግ እንድታውቅ፣ የኩባንያን ዋጋ እንዴት እንደሚያሰሉ እንድትለማመድ፣ ከሁሉም በላይ ሰው እንድታውቅ ይፈለጋል።

ይሄ የመጨረሻው ነው የኛን ልጆች የሚያስቸግራቸው። እዚህ አገር "ኮፊ ቻት" የሚሉት ነገር አለ። ተማሪዋ ከትምህርት ቤቷ ተመርቆ ባንክ ለሚሠራ ሰው፣ አይታው ለማታውቀው ሰው፣ ኢሜይል ትጽፋለች። "15 ደቂቃ ስለ ሥራዎ ላናግርዎት" ትላለች። ካልመለሰ ከሳምንት በኋላ ደግማ ትጽፋለች። እንዲህ እያለች ብዙ ሰው ታናግራለች። ማመልከቻ በሺዎች ሲጎርፍ ከውስጥ ሆኖ "ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ እዩዋት" የሚል ሰው የሚገኘው በዚህ ነው። እኛ ደግሞ ልጆቹን እንዴት ነው ያሳደግናቸው? "ሰው አታስቸግሪ፣ ትልቅ ሰው ፊት ብዙ አታውሪ፣ ራስሽን አታወድሺ።" ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ ሌላው ልጅ ስለ ራሱ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ሲያወራ የኛዋ "ጥሩ ነኝ" ብላ ታቆማለች። ይሉኝታ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ለጊዜው በር ላይ ይቀመጥ። ዘመድ የሌላቸውን ልጆች አሠልጥኖ ዎል ስትሪት የሚያስገባ ኤስኢኦ የሚባል ድርጅትም አለ፤ በ1963 የተቋቋመ። ገና በመጀመሪያ ዓመቷ ትመልከተው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆናችሁ ዩቪኤ ከነምግቡና ማደሪያው በዓመት ከ40 ሺህ ዶላር ብዙ አይርቅም። ኤንዋይዩ ከ90 ሺህ በላይ ነው። በ4 ዓመት ልዩነቱ ወደ 200 ሺህ ይጠጋል። ሁለቱም የቤተሰብ ገቢ ከ100 ሺህ በታች ለሆነ ተማሪ የትምህርት ክፍያውን እንሸፍናለን ይላሉ። እናንተ ግን ያንቺ የሆስፒታል ደሞዝና የእሱ ኡበር ሲደመር ያልፋል። ለእርዳታ ሀብታም፣ ለመክፈል ድሃ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ብድርስ? ሚጡ ከፌደራል መንግሥት በ4 ዓመት የምታገኘው 27 ሺህ ዶላር ነው። ወላጅ የሚበደረው ፓረንት ፕላስ ደግሞ በአዲሱ ሕግ ከጁላይ 1 2026 ጀምሮ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው ለአንድ ልጅ 65 ሺህ ላይ ይቆማል። የቀረው ከግል ባንክ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮሳይነር፣ አብሮ የሚፈርም ዋስ፣ ይጠይቃል። ወንድምሽ እፈርማለሁ ማለቱ እግዜር ይስጠው፣ ግን አታስፈርሙት።

"ባንከር ከሆነች በአንድ ሁለት ዓመት ትከፍለዋለች" ብሏል ባለቤትሽ። ትልልቆቹ ባንኮች ለጀማሪ አናሊስት በዓመት 110 ሺህ አካባቢ ይከፍላሉ፤ ቦነሱ ለብቻ ነው። ትልቅ ገንዘብ ነው። የፌደራል፣ የስቴትና የኒውዮርክ ከተማ ግብር ሲነሳለት፣ የማንሃተን ኪራይ ሲከፈልበት ግን ሌላ መልክ አለው። ሰዓቱንም አስቡት። በ2021 ጎልድማን ሳክስ የሚባለው ትልቅ ባንክ 13 ጀማሪዎች ያሰባሰቡት መጠይቅ ወጥቶ ነበር፤ በአማካይ በሳምንት 95 ሰዓት እንሠራለን ብለዋል። በ2024 ሌላው ትልቅ ባንክ ጄፒሞርጋን የጀማሪዎቹን ሰዓት በ80 ገደበ፤ እሱም ባብዛኛው ነው፣ ሁሌ አይደለም። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ሠርተው ይወጣሉ። 200 ሺህ ዕዳ ያለባት ልጅ ግን ቢመራትም አትወጣም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሐሳቧን ብትለውጥስ? አንቺ በ18 ዓመትሽ ሆስተስ ካልሆንኩ ብለሽ ቁመትሽን በየሳምንቱ ስትለኪ አልነበር? ዩቪኤ ሆና ሐሳቧን ብትለውጥ ማንም አይጎዳም።

ከሜይ 1 በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ለኤንዋይዩ የእርዳታ ቢሮ እንደገና እንዲያዩላችሁ ጻፉ። ለእማማ ሕክምና የምትከፍሉትን፣ አዲስ አበባ የምትልኩትን፣ ኡበሩ ሲቀዘቅዝ የሚጎድለውን ከነማስረጃው አስገቡ። ከዩቪኤ ጋር ያለው ልዩነት በዓመት 10 ሺህ ውስጥ ከገባ ሐሳቤን እለውጣለሁ፤ ስተርን ትግባ። ካልሆነ ከቻርለትስቪል የሚነሳው የአምትራክ ባቡር በእናንተው አሌክሳንድሪያ አልፎ ኒውዮርክ ይገባል። ለቃለ መጠይቅ ስትመጣ እኔ ጋ ታድራለች።

የሁለቱንም የእርዳታ ደብዳቤ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ቁጥሩን ራሴ ልየው። ሚጡ ደግሞ እሁድ ከሰዓት ትደውልልኝ። አንቺ እንዳትደውዪላት፣ ራሷ ትደውል። "ስለ ራስሽ ንገሪኝ" እላታለሁ፤ ትዘጋጅ።

ለባለቤትሽና ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እህትሽ