በጋራ ሲያነቡ ሁሉም ያነባሉ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ትምህርት ጥራት ሲጽፍ አንድም ሳይቀረኝ አነባለሁ። የመጽሐፍ እጥረት ይነሳል፣ የክፍል ጥበት ይነሳል፣ የመምህራን ደመወዝና የፈተና ውጤት ይነሳል። ሁሉም ተገቢ ነው። እኔ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ይዤ የመጣሁት ግን ከነዚህ ሁሉ ያነሰ ነገር ነው። ልጆች በአንድ ድምፅ ሆነው ስለሚያነቡት ንባብ ልጽፍላችሁ ነው።

ከውጭ ለሚሰማው ደስ ይላል። ክፍሉ ጭር ካለ በኮሪደር የሚያልፍ ኃላፊ «ምነው ዛሬ ዝም አላችሁ?» ይላል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣም ያው ነው። ሌሰን ፕላኑ አለ ወይ? አለ። ደብተሩ ተሞልቷል ወይ? ተሞልቷል። ሰሌዳው በቀይና በነጭ ጠመኔ አምሯል፣ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ አፍ አንቀጹን ይወጣዋል። በቃ፣ ቅጹ ተሞላ። አንድ ልጅ ብቻውን አስነስቶ «እስቲ ይቺን መስመር አንብብልኝ» ያለ ጎብኚ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ይኼው ነው ነገሬ። በጋራ ማንበብ ማንበብ የማይችለውን ልጅ ይደብቀዋል። ሲደብቀው ደግሞ ለዓመታት ነው።

አንድ ተማሪ አለኝ። በጋራ ስናነብ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሱ ድምፅ ነው። ገጹን ከላይ እስከ ታች ይለዋል፤ ዓይኑ ግን ኮርኒሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲጽፉ ወደ ጠረጴዛዬ ጠራሁት። ከገጹ መሐል «ወንበር» የምትለውን ቃል በጣቴ ይዤ «ይቺስ ምን ትላለች?» አልኩት። ቃሏን አላያትም። ወደ ገጹ አናት ወጣና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ በቃሉ ይወርደው ጀመር። ወረደ፣ ወረደ፣ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለና «ወንበር!» አለኝ። ፊቱ በራ። መልሱ ትክክል ነው፣ ምን ልበለው? ያንኑ ቃል በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። አየው፣ ገለበጠው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆነ ፈለገ። ከዚያ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» አለኝ።

ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ሙሉ መጽሐፍ በጆሮው ሰምቶ በቃሉ የያዘ ልጅ ነው፤ እኔ ራሴ አልችለውም። ፊደሉን የማያውቅ መሆኑን ግን ከጓደኞቹ ድምፅ ጀርባ ቆሞ ማንም ሳያውቅበት ኖሯል።

እንደሱ ያሉትን መለየት ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም። ከንፈራቸውን ማየት ነው። ከክፍሉ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዘግየት ይላል። ጓደኛው «ቤ» ሲል አፉን ይከፍታል፣ «ት» ላይ ይደርስበታል። ሌላዋ የንባብ ተራዋ ሲቃረብ እርሳሷ ሁሌ ይሰበራል፤ መቅረጫ ፍለጋ ስትል ደወል ይደወላል። ሌላው «ላጲሴን ወሰደብኝ» ብሎ ጠብ ያነሳል። ስም የሚጽፈው አለቃ በጥባጭ ብሎ ሰሌዳ ላይ ከሚያሰፍራቸው ልጆች ስንቶቹ ማንበብ ያቃታቸው ናቸው!

ደብተርም ያታልላል። እጅ ጽሑፏ የሚያምር፣ ወላጆቿ ለጎረቤት የሚያሳዩላት ልጅ አለች። ከሰሌዳ ስትገለብጥ አንድም ስህተት የላትም። የገለበጠችውን አንብቢልኝ ሲሏት ግን ዝም። አንድ ቀን ዳስተሩ በደንብ ያላጠፋው የትናንት ፊደል ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀርቶ ነበር። ደብተር ስሰበስብ ያ ፊደል ያለምንም ምክንያት በብዙ ደብተሮች ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሥዕል ነው የሳሉት ማለት ነው። (ከሰሌዳው ይልቅ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር የሚገለብጠውን ግን ቶሎ አትቆጡት። መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩት።)

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። በዜማ ሲወርድ የማይችለው የለም። «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ይላል፣ ያልቃል። «ሎ»ን ብቻዋን አውጥታችሁ ብትጠይቁት ግን ጣቱን ዘርግቶ ከ«ለ» ጀምሮ ይቆጥራል። የሚያውቀው ቅደም ተከተሉን ነው።

እርግጥ ሥርዓት አለው። ካዕቡ ወገቡ ላይ ቅጥያ አለው፣ ሣልሱ እግሩ ላይ፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። ይኼን ያየ ልጅ አንዱን አውቆ ሌላውን ይገምታል፤ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ግን «ሩ» እና «ፉ» ቅጥያቸውን ወገብ ላይ አላደረጉም። ሳድስ ላይ ሲደረስ ደግሞ ሕጉ ይፈርሳል፤ ል፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ም ሁሉም የየራሱ መልክ አለው። ስንት ቃል ደግሞ በሳድስ የተሞላ ነው! «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚያምታቱ ልጆች በየዓመቱ አሉ። የቃል ጽሕፈት ስሰጥ «ቲቸር፣ በየትኛው ሀ ነው?» ይመጣል። በሃሌታው፣ በሐመሩ፣ በብዙኃኑ እያልኩ እመልሳለሁ። ለጆሮ አንድ የሆነውን ለዓይን ሦስት አድርጎ መያዝ ለሰባት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅም አይለይለትም። «ዋና» የሚል ቃል ሲያገኝ መዋኘቱ ይሁን ዋነኛው፣ ዓረፍተ ነገሩን ካልተረዳ በምን ያውቃል?

ለመረዳት ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚሄድ ልጅ መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከአእምሮው ወጥቷል። «ጎበዝ፣ አነበብክ! ምን አለ ታሪኩ?» ሲባል እንደ አዲስ ያያችኋል። የሚገርመው፣ እንዲህ የሚለቅመው ልጅ ከዚያ ኮርኒስ እያየ ከሚያነበው ልጅ በጣም ቀድሟል። በጋራ ሲነበብ ግን ደካማው እሱ ይመስላል፤ ድምፁ አይሰማማ።

ሒሳብም ከዚህ አይርቅም። 52 ሲቀነስ 38 ስል ክፍሉ «14!» ብሎ ይጮኻል። ቀድመው የሚሉት ጥቂት ፈጣኖች ናቸው፤ የቀረው ተከትሎ ነው። ደብተር ሲሰበሰብ 26 የሚል መልስ ይበዛል። ይኼ ግድየለሽነት አይደለም። ከ2 ላይ 8 አይነሳምና ልጁ ገልብጦ ከ8 ላይ 2 አነሳ፣ ከ5 ላይ 3 አነሳ፣ 26 አለ። በሁሉም ጥያቄ ላይ ያንኑ ያደርጋል። የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉ ነው የተሳሳተው። «ሦስት መቶ አምስት» ሲባል 3005 ብሎ የሚጽፈውም እንደዚያው ነው፤ መቶውን እንደሰማው ጻፈው። ይኼን ለማወቅ «እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ይጠይቃል። ቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደርጋል እንጂ ይኼን አይነግራችሁም።

ጥያቄ የምንጠይቅበት መንገድም የዚሁ አካል ነው። «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ሲሉ ዴስክ ላይ የሚወጡት ሁሌ እነዚያው ናቸው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። 3 ሰከንድ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። እጅ የሚያወጡ ልጆች ፊት ቆማችሁ ሞክሩትና ንገሩኝ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ግምት በአነስተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ የ10 ዓመት ልጆች 53 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። በ2022፣ ከኮሮና የትምህርት ቤቶች መዘጋት በኋላ፣ ግምቱ 70 በመቶ ደረሰ። አብዛኞቹ እነዚህ ልጆች በየቀኑ ክፍል የሚገቡ ናቸው። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጆችን በየቤታቸው እየዞረ ሲመዝን የሚጠቀመው አንድ ወረቀት ነው። ላዩ ላይ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽና ትንሽ ታሪክ አለበት። ልጁ ብቻውን ያነባል፣ መዛኙ ይሰማል፣ በቃ። በዚህ መንገድ ነው ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የሁለተኛ ክፍል ጽሑፍ ማንበብ እንደማይችሉ የታወቀው። በክፍል ውስጥ ሆ ብለው ሲያነቡ ይኼ አይታይም ነበር።

ምን ይደረግ? በቀን አምስት ልጅ መስማት። አንድ ልጅ 3 ደቂቃ ቢወስድ በድምሩ 15 ደቂቃ ነው። ክፍሉ 60 ልጅ ቢኖረው በ12 የትምህርት ቀን አንድ ዙር ያልቃል። እኔ የማደርገው ይኼንን ነው። ትንሽ ደብተር አለችኝ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር እጽፋለሁ። «ለ እና ሰ ያምታታል።» «ታነባለች፣ ምን እንዳነበበች አትነግረኝም።» «ሥዕሉን ሸፍኜበት ጠፋበት።» የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት የማዘጋጀው ከዚህች ደብተር ነው፤ በፎልደር ካለው ሌሰን ፕላን ይልቅ እሷ ትጠቅመኛለች።

የሥራ ባልደረቦቼ የሚጠይቁኝን አውቃለሁ። የቀሩትን 55 ልጆች ማን ይይዛቸዋል? እውነቱን ለመናገር ይንጫጫሉ። የሚገለብጡት፣ የሚስሉት፣ በጥንድ የሚያነቡት ነገር እሰጣቸዋለሁ፤ ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ ያወራል። ለ15 ደቂቃ ጫጫታ ክፍሌ ሥርዓት የለውም ከተባልኩ ይባል። የምጠይቀው፣ እኛን የሚገመግሙ ሰዎች ቅጻቸው ላይ አንድ ረድፍ እንዲጨምሩ ነው፦ መምህሩ ዛሬ የስንት ልጅ ንባብ ለየብቻው ሰማ?

በጋራ ማንበብ ይቅር አላልኩም። አዲስ ፊደል ሲተዋወቅ፣ ግጥም ሲባል፣ ዓይናፋር ልጅ ድምፁን እንዲለምድ ጥሩ ነው። ፈተና ግን አይደለም።

ወላጆችም «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ልጁ አይቶት የማያውቅ ጽሑፍ ስጡት። ሥዕል ካለው በእጃችሁ ሸፍኑት። ከመሐል አስጀምሩት። ካቃተው አትቆጡ፣ ከእህቱ ጋርም አታወዳድሩት፤ ያቃተውን ፊደል ብቻ ጻፉና ለመምህሩ ላኩለት። ያቺ ብጣሽ ወረቀት ከማንኛውም የወላጆች ስብሰባ በላይ ትረዳናለች።

ለእናንተም ለጋዜጣዎቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። የልጆች ዓምዳችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም እየረዘመ ከሁለተኛ ክፍል ልጅ አቅም ይወጣል። በየሳምንቱ አንዲት አዲስ ታሪክ፣ ስድስት ሰባት መስመር ብትሆን ይበቃል፣ በትልልቅ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ተትቶ፣ ያለ ሥዕል ብታወጡልን? የመማሪያ መጽሐፉን ልጆቼ ገና ዓመቱ ሳይጋመስ በቃላቸው ይዘውታል። በቃላቸው ያልያዙት ጽሑፍ ነው የቸገረኝ። እናንተ ካወጣችሁ እኔ እየቆረጥኩ ካርቶን ላይ ለጥፌ አስነብባቸዋለሁ። የመጀመሪያዋን ታሪክ ጽፌ መላክ ካለብኝም እልካለሁ፤ ስንት መስመር ቦታ እንዳላችሁ ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት