«ሞደም ይቀይሩ» ከማለታችሁ በፊት መስመሩን ስሙት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከኮተቤ አልፎ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ዲቪ በወረቀት መላክ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ከሆነበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ፣ የምዝገባው ወቅት ሲመጣ በሬ ላይ ሰልፍ አይጠፋም። ዘንድሮ ግን ሰልፈኛውን አስቀምጬ የምታገለው ከዳያል አፑ፣ በስልክ መስመር ደውሎ ከሚገባው ኢንተርኔት ጋር ነው። ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር የሚያገናኘው ሞደም ይደውላል፣ ያፏጫል፣ ፓስወርዱ ይጣራል፤ ገባሁ ስል ወዲያው ይቆረጣል። የስልኩ ሂሳብ ግን በደወልኩ ቁጥር ይቆጥራል።

አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ስልክ የሚያነሱት ልጆች መልሳቸው አንድ ነው፦ «ፓስወርድዎን እንደገና ያስገቡ፤ ካልሆነ ሞደም ይቀይሩ።» ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት ይህን ሰምተው ለልጃቸው ሁለት ጊዜ ሞደም ገዙ። ሁለቱንም እኔ ጋ አምጥተዋቸው ሞከርኳቸው፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሳቸው ገንዘብ ነው።

ዊንዶውስ አላገናኝ ሲል ቁጥር ይጽፋል። 691 ካለ ማዶ፣ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ያለው ማሽን ስሙን ወይም ፓስወርዱን አልተቀበለም። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ የደንበኛው ስህተት አይደለም። መስመሩ በድንገት ሲቋረጥ ማዶ ያለው ማሽን ሰውዬው የወጣ ላይመስለው ይችላል። አካውንቱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ከተፈቀደ፣ መልሰን ስንደውል ትክክለኛው ፓስወርድ ይመለስብናል። ሰው ተደናግጦ ፓስወርድ ይቀይራል። ጥቂት ደቂቃ መታገስ ይበቃው ነበር፤ ተከፍቶ የቀረውን አካውንት አይቶ መዝጋት የሚችለው ደግሞ አገልግሎት ሰጪው ብቻ ነው።

ገብቶ ከሆነ የሚቆረጠው ግን ፓስወርዱ አልፏል። እኔ በዚህ ጊዜ ሞደሙን ነቅዬ ተራ ስልክ እሰካለሁ። እጀታውን አንስቼ አንድ ቁጥር ብቻ እጫንና አዳምጣለሁ። ደህና መስመር ጸጥ ይላል። የእኔ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣ ነበር።

ለሰው ወሬ ይህ ጩኸት ያስቸግር ይሆናል እንጂ አይከለክልም። ሞደም ግን በሰከንድ ወደ 56 ኪሎ ቢት የሚጠጋው መስመሩ ንጹሕ ሲሆን ነው። መጀመሪያ በከፍተኛ ፍጥነት ይስማማና መረጃው መጉረፍ ሲጀምር መያዝ አቅቶት ይለቃል። ስለዚህ ሞደሙ ቪ-34 በሚባለው ዝግ ባለው የቆየ ስልት ብቻ እንዲሠራ፣ ከ33.6 ኪሎ ቢት እንዳያልፍ አደረግሁት። አዘገመ፤ ቆይታው ግን ረዘመ። ከእኔ መስመር የተቀጠለውን የጓሮ ስልክም ነቀልኩ፤ አንድ ሰው ባነሳው ቁጥር ኢንተርኔቱ ይሄድ ነበር። (ኮምፒውተሩ ራሱ 60 ሰከንድ ቆጥሮ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ የመጣው ብላስተር ቫይረስ ምልክቱ ይህ ነው።)

ሦስት ጊዜ ካመለከትኩ በኋላ የመስመር ሠራተኛ መጣ። ምሰሶው ላይ ወጥቶ፣ ክረምቱን በፌስታል ተጠቅልሎ የከረመውን መጋጠሚያ ሲፈታው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጦ ጥሎ አዲስ ገጠመ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። የዚያን ዕለት ማታ የዘጠኝ ሰው ፎቶ ሳይቆረጥብኝ ላክሁ።

እኛ ዳር ያለን ሰዎች ሽቦው ረጅም ነው፤ በባሕር ዛፍ መሐል እየታከከ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስልክ የሚያነሱትን ልጆች የምለምነው አስቀድመው «ቁጥሩ ስንት ይላል? የተቆረጠው ገብቶ ነው ሳይገባ?» ብለው እንዲጠይቁን ነው። ገብቶ ከሆነ ሞደም ግዙ አይበሉን፤ መስመሩን የሚያይ ሰው ይላኩልን። እኒያ እናት ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛ ሞደም ሊገዙ ታክሲ ሲጠብቁ አግኝቼ ነው የመለስኳቸው። መስመራቸውን እስከ ዛሬ ያየላቸው የለም።

ከአያት መንገድ፣ የጽሕፈት ቤት ባለቤት