ለደንበኞቻችን፦ ዲሲኤምን በኢታይል አሲቴት ከመተካታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? መድኃኒት የያዙ ጥቃቅን የፖሊመር ቅንጣቶች ስትሠሩ ስለምትጠቀሙባቸው ሁለት ማሟሚያ ፈሳሾች፣ ስለ ዲሲኤም (ዳይክሎሮሜቴን) እና ስለ ኢታይል አሲቴት፣ ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ። «ዲሲኤም ካለቀባችሁ ኢታይል አሲቴት ስጡን፤ ሁለቱም ፖሊመሩን ያሟሙት የለ?» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ያሟሙታል። ግን አንዱ በሌላው ቦታ ዝም ብሎ አይገባም።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛችን ቢከር (የላቦራቶሪ ብርጭቆ) ይዘው ኮምቦልቻ ሱቃችን ድረስ መጡ። መድኃኒቱንና ፒኤልጂኤውን (ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚፈርስ ፖሊመር ነው) በኢታይል አሲቴት አሟምተው፣ ፒቪኤ (ጠብታዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ነው) ያለበት ውሃ ውስጥ ጨምረው፣ እንደ ወትሮው ሲያማስሉ ውለዋል። ቢከሩ ሥር የቀረው ግን ዱቄት አልነበረም። የተባዘተ ጥጥ የሚመስል ነጭ ክር ነው። የስንት ቀን ልፋት! እኛንም አንጀታችንን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሲኤም ከውሃ ጋር ብዙም አይዋደድም። 100 ግራም ውሃ 2 ግራም እንኳ አያሟማም። ኢታይል አሲቴት ግን 8 ግራም ገደማ ይሟማል። ስለዚህ ጠብታው ውሃውን ገና ሲነካ ሶልቨንቱ (ማሟሚያው) ጥሎት ይሄዳል። ፖሊመሩም ክብ ሳይሆን ይደርቃል። መላው ውሃውን አስቀድሞ በኢታይል አሲቴት ማጥገብ ነው፤ ማለትም ከዚህ በላይ ማሟማት እስኪያቅተው መጨመር። ጠብታዎቹ ቅርጽ ከያዙ በኋላ ብዙ ንጹህ ውሃ ጨምሩበት፤ ያኔ እንደ ቅርጻቸው ይጠነክራሉ።

ዲሲኤም ለጀማሪ ገር ነው። ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ቅንጣቱ ክብና ለስላሳ ይሆናል። መድኃኒታችሁ ውሃ የሚወድ ከሆነ ግን ቅንጣቱ እስኪጠነክር ወደ ውሃው ያመልጣል።

ሙቀቱንም አደራ። ዲሲኤም በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው 40 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛ ግን ከፍታ ላይ ነን፤ ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ኮምቦልቻ ላይ 34 አካባቢ፣ ደሴ ላይ ደግሞ 32 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከመጽሐፍ ያገኛችሁትን «40 ዲግሪ አሙቁ» እንዳለ ከወሰዳችሁ ጠብታው ውስጥ ይንተከተካል። ቅንጣቱም እንደ እንጀራ ዓይን ይበሳሳል። ከዚህ ቀዳዳ መድኃኒቱ በመጀመሪያው ቀን ዘርግፎ ይወጣል። ክዳኑን ከፍታችሁ በክፍል ሙቀት፣ ጭስ መሳቢያ ሥር አማስሉት።

በአይሲኤች (የመድኃኒት መመሪያዎችን የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ምክር ቤት ነው) መመሪያ መሠረት መድኃኒት ውስጥ ቢቀር የሚፈቀደው ዲሲኤም ከሚሊዮን 600 ክፍል ነው። ኢታይል አሲቴት 5,000 ይፈቀድለታል። ሰው ሰውነት ውስጥ ለሚገባ ነገር እኛ ብንጠየቅ፣ ቢያለፋም ኢታይል አሲቴትን እንመርጣለን።

ስታዙ መድኃኒታችሁ ውሃ ውስጥ ይሟማ እንደሆነና በስንት ዲግሪ እንደምትሠሩ ንገሩን፤ የሚስማማውን አብረን እንመርጣለን። ልትቀዱ ስትመጡ የብርጭቆ ጠርሙስ ያዙ። ዲሲኤምን በሃይላንድ አንቀዳም፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች፣ ኮምቦልቻ