የቅዳሜው የፋይል ውይይት

ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ደሴ ፒያሳ በተለመደው አዳራሻችን እንገናኛለን። ጉዳያችን አንድ ነው፦ ከማረሚያ ቤት ለሚወጡ ወጣቶች የምንሰጠው ድጋፍ በማስረጃ ነው ወይስ በልማድ?

መነሻችን የካናዳ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የስጋት፣ የፍላጎትና የተስማሚነት ሞዴል ነው። ጠንካራው ክትትል ዳግም የማጥፋት ስጋቱ ከፍ ላለው ይሁን ይላል፤ ትኩረቱም ወደ ጥፋት በሚገፋው ነገር ላይ፣ ማለትም በጓደኛ፣ በሱስ፣ በሥራ ማጣት ላይ፤ አሰጣጡም ለሰውየው የመማር ችሎታና ሁኔታ የሚስማማ ይሁን። ስጋቱ ዝቅ ያለውን በቀጠሮ ማጨናነቅ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። ወጣቶችን እስር ቤት እያስጎበኙ ማስፈራራት ጥፋትን እንደሚያባብስም በጥናት ታይቷል፤ እኛ ግን ዛሬም "ይየውና ይማር" እንላለን።

እያንዳንዳችሁ ድጋፉ ያለቀለትን የአንድ ወጣት የተዘጋ ፋይል ስምና አድራሻውን ሸፍናችሁ ያዙ። ባለፈው እኔው ያመጣሁት ፋይል ውስጥ የተገኘችው "ምክር ተሰጥቶታል" የምትል አንድ መስመር ብቻ ነበረች። ምን ተመከረ? ምን ተለወጠ? የለም። አፍሬያለሁ።

የወጣቶቹን ስጋትና ፍላጎት የምንመዝንበት የጋራ ቅጽ ይኑረን አይኑረን የሚለውንም እዚያው እንወስናለን። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የምትመጡ በጊዜ ተነሱ።

እስከ ሐሙስ ማታ "እመጣለሁ" ወይም "አልችልም" ብላችሁ እዚሁ መልሱልኝ።