ሱፐርቫይዘሩንስ ማን አሠለጠነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ስለ ተለማማጅ ተማሪዎች ሲነሳ ሁሌ የምንሰማው መለማመጃ ቦታ ጠፋ የሚል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ልጆቹን ተቀብሎ ሥራቸውን የሚከታተለው ሰው፣ ሱፐርቫይዘሩ ነው። እሱንስ ማን አስተማረው?

እኔን ማንም አላስተማረኝም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አለቃዬ ጠርቶ «ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ልጆች አሉህ» አለኝ። በቃ፣ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። ያኔ ሱፐርቫይዘር ሲባል የሚታየኝ አቴንዳንስ ላይ የሚፈርም ሰው ነበር።

ከሦስቱ አንዱ ከወለጋ የተፈናቀሉ እናት ደረሱት። ሴትዮዋ አይናገሩም። የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግሞ ይጠቀልላሉ። ልጁ ጨንቆት መጣ። «ቲቸር፣ ምን ልበላቸው?» እኔም ደስ ብሎኝ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ደብተሩ ላይ ጻፈ። አንተስ እዚያ ስትቀመጥ ምን ይሰማሃል ብዬ አልጠየቅኩትም። በሳምንቱ ያልኩትን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

እኔ ለእሱ እንደሆንኩት እሱም ለእሳቸው ሆነ። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ሰርልስ በታካሚና በሐኪም መሃል ያለው ነገር ሐኪሙና ሱፐርቫይዘሩ መሃልም እንደሚታይ የጻፈው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ ከላይ ወደ ታችም ይወርዳል። ይህን ያነበብኩት ካበላሸሁ በኋላ ነው። አሜሪካዊቷ የምክር አገልግሎት ምሁር ጃኒን በርናርድ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. ሱፐርቫይዘር አንዴ አስተማሪ፣ አንዴ አማካሪ፣ አንዴ አብሮ የሚመክር ባልደረባ ይሆናል ብላለች። እኔ የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጆቹ ሱፐርቫይዝ ማድረግን ሳይመረቁ ይጀምሩት እላለሁ። አሜሪካ ውስጥ ከፍ ያለው ተለማማጅ ጀማሪውን ሱፐርቫይዝ የሚያደርግበት አሠራር አለ፤ ከበላያቸው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይቀመጣል፣ ኃላፊነቱም የእሱ ነው። ራሱ ያልበሰለ እንዴት ሌላ ያበስላል የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ግን ያው ልጅ ነገ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ሲመደብ ብቻውን ነው። እሱንም አንድ ቀን ጠርተው «ሦስት ልጆች አሉህ» ይሉታል።

ባለፈው ወር በሁለት ልጆች ሞከርኩት። ጀማሪዋ፣ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ገብቶ ኪኒኑን ስላቋረጠ ወጣት አነሳች። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ዋጥኩት። ትልቁ ልጅ ቶሎ አልመለሰላትም። «ሲነግርሽ ምን አልሽው?» ብሎ ጠየቃት። አቀረቀረች። «ተቆጣሁት» አለች። ከእኔ ጋር ብትሆን ይህን የምትነግረኝ አይመስለኝም። ስለ ኪኒኑ ከሐኪሙ ጋር የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ስትወጣ ደግሞ ከልጁ ጋር ስለ አጠያየቁ አወራን።

ለዚህ የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ሰዓትና በሩ የሚዘጋ ክፍል ነው። ክፍሉ ግን እስካሁን አልተገኘም። የምንቀመጠው ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ መተላለፊያው ላይ ነው። ሰው ሲያልፍ ዝም እንላለን።

አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን